ትናንት እናንተ ቤት ማን አደረ?

ቁጭ በል እስቲ ልጄ። እዚያ የገመድ አልጋው፣ አንገረቡ ላይ፤ ገመዱ ቢላላም ሰው ይችላል። ለግብረ ገብ ትምህርት የሚሆን የእውነተኛ ሰው ታሪክ ፍለጋ እንደመጣህ ነግረውኛል። ተማሪዎችህን «አዛናው የሚባል ውሸት የማያውቅ መምህር ነበረን፤ እናንተም እንደሱ ሁኑ» ልትላቸው ነው። ደግ። እኔ ሚስቱ አሰበች ነኝ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን አንተ እንደምትፈልገው አሳምሬ አልነግርህም፤ እንደነበረው ነው የምነግርህ። ከከበደህ እርሳስህን ሰብስበህ ትሄዳለህ፤ አልቀየምህም።

ሌላም ነገር አለ። በሕይወት ሳለ «አንቱ» ነበር የምለው፤ ያን ጊዜ በአገራችን ሚስት ባሏን አንተ አትልም። አሁን ግን «እሱ» እለዋለሁ፤ ማንም አይቆጣኝ። እሱ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ እዚያው ቀረ፤ እኔ ይኸው ስድሳውን አልፌ ጥርሴ ረገፈ። ዛሬ በዚያ በር ቢገባ ልጄ ነው የሚመስለው። ልጅ ደግሞ አንቱ አይባልም።

አዛናው የጎጃም ሰው ነው። ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት ሲል ኖሮ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወደዚህ ወደ በረሃው ወረደ። መተማ ላይ ያን ጊዜ መጻፍ የሚችል ሰው ብርቅ ነው። ለነጋዴው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ውል ይጽፋል፣ ሲመቸው ዛፍ ሥር ልጆች ሰብስቦ ፊደል ያስቆጥራል። አባቴ እዚሁ አጠገብ ኮኪት ላይ ማሽላና ሰሊጥ ያርስ ነበር፤ አዛናው ሽማግሌ ይዞ እኔን ሊጠይቅ እዚያ መጣ። አባቴ «ልጄን ምን ይዘህ ነው የምታገባት?» ቢለው ሌላ ሰው ቢሆን የሌለውን በሬ ይቆጥር ነበር። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንድ ዳዊት፣ አንድ ጋቢ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚጥለኝ ንዳድ።» ሽማግሌዎቹ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ! አባቴ ግን ከት ብሎ ሳቀና «ይኸ ሰውዬ ቢያንስ አያታልልሽም» ብሎ ሰጠኝ።

እውነቱን ነው፤ አላታለለኝም። አቃጠለኝ እንጂ! አንድ ቀን ሰሊጥ ገበያ አወጣን። አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ከጆንያው አፍ እፍኝ ዘግኖ አየና «ንጹሕ ነው?» አለኝ። እኔ «እንከን የለውም» ልል አፌን ስከፍት፣ እሱ ከኋላዬ ብቅ ብሎ «ከላይ ንጹሕ ነው፤ ከሥር ግን አፈር አለበት። ትናንት ስናራግፍ ተደፍቶብን ነው» አለው። ጨርቄን ጥዬ ልብረር! ነጋዴው ትቶን ሄደ።

«አንቱ ሰውዬ፣ ምነው ዝም ቢሉ? ማን ጠየቀዎ?» አልኩት።

«ጠየቀ እኮ፣ አሰቡ።»

«እኔን ነው የጠየቀው!»

«እኔና አንቺ ያው አይደለን?» አለና ፈገግ አለ። ምን ትለዋለህ?

ያ ነጋዴ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሰሊጥ ከእኛ እንጂ ከማንም አልገዛም፤ ጆንያውንም ፈቶ አያይም። ነገሩ በገበያው ተዛመተ። ክርስቲያኑም እስላሙም በአህያ ሲጣላ፣ በወሰን ሲጣላ፣ «አዛናው ይናገር» ይላል። እሱ አይቻለሁ ካለ ታየ፤ አላየሁም ካለ አልታየም። ምስክር ሁለት ሦስት መቁጠር ቀረ። እኔም እያደር እንደ ልብስ ለመድኩት። ለነገሩ ያ ሰው ወጤን ቀምሶ «ዛሬስ ጣፍጦልሻል» ሲለኝ ሌላዋ ሴት የማታውቀው ደስታ ነበር የሚሰማኝ፤ በትናንትናው ቀን «ጨው በዝቶበታል» ብሎኛላ!

አንዲት ሴት ልጅ ወልደን ነበር። በሁለት ዓመቷ ንዳድ ወሰደብን። ከእሷ ወዲህ አልሆነልንም። እሱም ከእሷ ወዲህ የሰውን ልጅ ሁሉ እንደ ልጁ ያይ ጀመር፤ የተማሪ አፍንጫ በገዛ ጋቢው ሲጠርግ አይቼው ውጭ ወጥቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጣሊያን ገባ። የዛፍ ሥሩ ተማሪ ተበተነ፤ ጉብታው ላይ ምሽግ ተሠራ። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ዝናቡ እንዳባራ የምሽጉ አዛዥ ትምህርት ቤት እከፍታለሁ አለ። እኛ ኸዋጃው ነበር የምንለው፤ ድንበሩ አካባቢ ነጭ ሁሉ ኸዋጃ ነው። አማርኛ የሚያስተምር ሰው ፈልጎ አዛናውን አስጠራው። አዛናው እምቢ አለ። «የእነሱን እንጀራ በልቼ ምን ፊት ይዤ አስተምራለሁ?» አለ።

አስገባሁት። እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ ጻፈው ይኸንን። በዚያ ክረምት ንዳዱ እኔኑ ሊገድለኝ ነበር፤ ምሽጉ ደግሞ ለሠራተኛና ለሠራተኛ ቤተሰብ ኪኒን ይሰጣል። «አንድ ልጅ ቀበሩ፤ ደግሞ ሚስት ሊቀብሩ ነው?» አልኩት።  በማግስቱ ጋቢውን አጥቦ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ በማሽላ አገዳ የታጠረ የሣር ቤት ነው። ሠላሳ አንድ ልጅ ገባበት፤ የገበሬው ልጅም የነጋዴው ልጅም፣ ማተብ ያሠረውም ያላሠረውም ባንድ መደብ ላይ። እኔ ጧት ጧት እንስራ ውሃ እያመጣሁ የበረንዳውን ጋን እሞላለሁ። አዛናው እንደዚያ ዓመት ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ጧት እጅ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት የኸዋጃው ትእዛዝ ነበር፤ እሱ ልጆቹን «እጃችሁ ከተዘረጋ አይቀር ጣታችሁን ቁጠሩበት» ብሎ ሂሳብ አስተማራቸው። አስተርጓሚው ያረጋል የሚባል የጎንደር ሰው ነው። ክፉ ነው አልልህም። የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ እንደዚያ ያለውን ሰው ታውቀዋለህ።

አንድ ቀን ኸዋጃው በያረጋል በኩል ግብረ ገብ ይጨመር አለ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ልጆቹ ተራ በተራ እየተነሡ አንድ ጥያቄ በእውነት ይመልሱ፤ እውነት የተናገረ ከረሜላ ይሰጠው። ጥያቄው ይኸ ነው፦ «ትናንት እናንተ ቤት ማን አደረ?»

አዛናው በደስታ እየተንገዳገደ ቤት ገባ። «አሰቡ፣ እነዚህ ሰዎች ለካ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃሉ!» አለኝ። «እንግዳ መቀበልን ለልጅ ሊያስተምሩ ነው። እውነትንና ደግነትን ባንድ ጥያቄ! እኔ እንኳ አላሰብኩት።»

እንዴት አልጠረጠራችሁም ትለኝ ይሆናል። ልጄ፣ እኛ አገር መንገደኛ ሲመሽበት «የመሸበት እንግዳ» ብሎ ይቆማል። ማነህ፣ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ አይባልም። እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ መኝታ ይለቀቅለታል። እንግዳ ያደረበት ቤት የተባረከ ነው፤ ጎረቤት እየሰማ ይቀናል። ይኸን ማን ይደብቃል? እንግዳ ማሳደር እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ይጻፋል ብሎ ማን ያስባል? እኔም አመንኩ። መተማ በሙሉ አመነ።

ጉድ እኮ ነው የሆነው! ልጆቹ ተፎካከሩ። «እኛ ቤት አክስቴ አደረች»፣ «እኛ ቤት ሦስት ሙጫ ለቃሚ አደረ»፣ «እኛ ቤት ግመለኛ አደረ፣ ግመሉም አደረ»። እንግዳ ያልመጣበት ልጅ ያለቅሳል። ውባንተ የሚባል አንድ ፈጣን ልጅ አመሻሽ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ አላፊውን በነጠላው ጫፍ እየያዘ «እባክዎ እኛ ቤት ይደሩ፤ ነገ የምናገረው የለኝም» ይላል። እናቱ ዱቄት አለቀብኝ ብላ አዛናውን ልትከስ መጣች፤ እሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያረጋል ከኋላ ተቀምጦ ይጽፋል። አንድ ቀን ውሃ ሳመጣ «ምንድን ነው የሚጽፉት?» አልኩት። «ስም» አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሷሊህ ደግሞ የአብዱልሀኪም ልጅ ነው። አብዱልሀኪም ስኳርና አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁ ከቤታችን አያርቅም። ሚስቱ መጂዳ፣ ልጄ የሞተች ጊዜ ሰባት ቀን ሙሉ ከጎኔ ያልተነሣች ሴት ናት። ሷሊህ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አዛናው የሚሳሳለት ተማሪ ነው። ብዙ ቀን እንግዳ አጥቶ አንገቱን ደፍቶ ከርሟል። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ ተራው እስኪደርስ አልቆየም፤ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«እኛ ቤት የአርማጭሆ ሰው አደረ! ጠጉሩ እትከሻው ድረስ ነው! አባቴ ፍየል ሰጠው፤ እሱ ራሱ አረደ። እኔ ነኝ እግሩን ያጠብኩት!»

«እሰይ የእኔ ልጅ!» አለ አዛናው። «እንዲህ ነው እንጂ! አጨብጭቡለት።»

ሠላሳ ልጅ አጨበጨበለት። እኔ ጋኑ ዘንድ ቆሜ አጨብጭቤያለሁ፤ በእነዚህ እጆቼ። ጭብጨባው ሊያልቅ ሲል ነው አዛናው ፊቱ የተለወጠው። ጠጉሩን አሳድጎ አርማጭሆ ጫካ የገባ ሰው ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ አርበኛ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ካለው እንግሊዝ ዘንድ መልእክት የሚያደርስ ነው። አዛናው ወደ ያረጋል ዞረ። የያረጋል እጅ ይጽፋል። ሷሊህ ከረሜላውን ላጠው።

እንግዳው ገና ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ኖሮ አላገኙትም። አብዱልሀኪምን ግን ከሱቁ ጎትተው ወሰዱት፤ በማግስቱ ገበያ መካከል በጥይት ደበደቡት።

አዛናው ወደ መጂዳ ቤት ልሂድ አለ። «አይሂዱ» አልኩት። «ባይሄዱስ? እሷ ያንቱን ጥፋት መች አወቀች?» ትቶኝ ሄደ፤ ተከትዬው ሄድኩ። ለቅሶው መካከል ቆሞ «መጂዳ፣ ባልሽን እኔ ነኝ ያስገደልኩት። ልጁን ተናገር ብዬ ያስተማርኩት፣ ተናግሮም ያስጨበጨብኩለት እኔ ነኝ» አላት።  ትጮህበታለች፣ ፊቱን ትቧጭረዋለች ብዬ ነበር። ቢሆን ይሻል ነበር።

«ልጄ ምን አጠፋሁ ይለኛል» አለችው፤ ድምጿ ከመድከሙ የተነሣ በጭንቅ ነው የሚሰማ። «ምን ልበለው? እውነት ስለተናገርክ ነው ልበለው? መምህር አንቱ ነዎት፤ ይንገሩኝ እስቲ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ላሳድገው?»

 ሷሊህ ከመጋረጃው ሥር እግሩ ይታየኛል። ያ ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም።

አንተ የግብረ ገብ መምህር ነህ፤ ለመጂዳ ምን ትላት ነበር? ተው፣ አትመልስልኝ። ዝም ብለህ አስበው።

አዛናው ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። «ለልጆቹ ምን ልበላቸው፣ አሰቡ?» ይለኛል። «ዋሹ ልበላቸው? ልጅ ከመምህሩ አፍ ውሸት ተምሮ ምን ዓይነት ሰው ይወጣዋል? እውነት ተናገሩ ልበላቸው? ነገ ደግሞ የማን አባት ነው?»

«ይተውት ትምህርት ቤቱን! ኪኒኑም ይቅርብኝ፣ ልሙት!»

«ብተወው ሌላ ሰው ያመጣሉ። ጥያቄው እንደሆነ አይቀር።»

እንዲህ እያለ ይቆዝማል። እኔ ተናደድኩ! እወደዋለሁ፤ ግን ተናደድኩ። የተማረ ሰው ጉዱ ይኸ ነው፤ ቤት እየተቃጠለ ውሃውን ትቶ ትክክለኛውን ቃል ይፈልጋል። ሰኞ ያ ጥያቄ ይጠየቃል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ውባንተ ቤት፣ አለነ የሚባለው ትንሹ ተማሪ ቤት፣ እነማን ቤት እንግዳ እንዳለ ሴቶቹ እናውቃለን።

ሚያዝያ ላይ ወንዛችን ደረቅ ነው፤ አሸዋውን ጭረን ነው ውሃ የምንቀዳ። እሑድ ከሰዓት ልጆቹ ሁሉ ቅላቸውን ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ። ሰብስቤ አስቀመጥኳቸው።

«ነገ ማን አደረ ሲሏችሁ ማንም አላደረም በሉ። ንጉሥ ቢያድርም ማንም አላደረም። በቃ፣ ተዘጋ!»

ውባንተ «የኔታ ውሸት አትናገሩ ብለውናል» አለኝ።

«ብለዋል። እኔ ደግሞ አባትን አሳልፎ መስጠት ከውሸት ይብሳል እላችኋለሁ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ እናንተ ምንም የለባችሁም። ለየኔታ ደግሞ እንዳትነግሯቸው።»

ለምን እንዳይነግሩት እንደፈለግሁ ይገባሃል። እሱ ካወቀና ከጠየቁት ይናገራላ! የሰሊጡን ነገር እኔ መቼ ረሳሁት?

ሰኞ ጧት ውሃዬን ጋኑ ላይ ስገለብጥ ጥያቄው ተጀመረ። የዚያን ዕለት ኸዋጃው ራሱ መጥቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ልጅ «ማንም አላደረም» አለ። ሁለተኛው «ማንም አላደረም»። አምስተኛው፣ አሥረኛው፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ባንድ ዜማ። የኸዋጃው ፊት ቀላ። ውባንተ ተነሣና ደረቱን ነፍቶ «ማንም አላደረም። በቃ፣ ተዘጋ!» አለ።

አዛናው ወዲያው ቀና ብሎ አየኝ። ያ ንግግር የማን እንደሆነ አሥር ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ይጠፋዋል? አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሌላ ሰው ምንም አላስተዋለም። እንስራዬን አዝዬ ወጣሁ። ቤት ሳልደርስ መንገድ ላይ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጥኩ።

ኸዋጃው ልጆቹን ሜዳው ላይ አቆማቸው። ማን እንዳስተማራቸው እስኪናገሩ ውሃም ጥላም የለም አለ። የመተማን የሚያዝያ ፀሐይ አንተ ገና አላየኸውም፤ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቆሙ። አንድ ልጅ ስሜን አልጠራም። አንዱም! ሷሊህም መካከላቸው ቆሟል፤ እሱ ቀድሞም አይናገር። ትንሹ አለነ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ያን ጊዜ ነው እናቶቹ ኡኡ ያሉት፤ እኔም ኡኡታውን ሰምቼ የሮጥኩት።

እየሮጥኩ ልቤ ቆርጧል። እኔ ነኝ ልላቸው ነው። እሱን ግን እፈራለሁ፤ ከእኔ ቀድመው ጠይቀውት «ሚስቴ ናት» ብሎ ይሆናል እያልኩ። ብሎም ከሆነ አልፈርድበትም፤ እሱ እንደዚያ ነው የተፈጠረው። ስደርስ አዛናው ከአለነ አጠገብ በጉልበቱ ተንበርክኮ በጋቢው ጥላ ሠርቶለታል። እንደዚያው እንዳለ ቀና ብሎ ያረጋልን ተናገረው።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ልጆቹን ልቀቋቸው።»

ጆሮዬን አላመንኩም።  «ኧረ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ ነኝ! እሳቸው አያውቁም! እሑድ ወንዝ ላይ ሰብስቤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው!»

ያረጋል ተረጎመ። ኸዋጃው እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ አንድ ነገር አጉረመረመ። ያረጋል «ከሁለቱ ማንኛቸው ነው የሚዋሽ ይላል» አለና እሱም ግራ ገብቶት ቆመ። ከዚያ ወደ አዛናው ጎንበስ አለ፤ ሲያናግረው ድምፁ ለስለስ ብሏል።

«መምህር፣ አገሩ በሙሉ በእርስዎ ቃል ያድራል። ከአፍዎ ውሸት ወጥቶ እንደማያውቅ እኔም አውቃለሁ። በሚያምኑት አምላክ ይንገሩኝ፤ ሴትየዋ እውነቷን ነው?»

ልጆቹ ሁሉ ያዩታል። ሠላሳ አንዱም እውነቱን ያውቃሉ። እኔ ዓይኑን እያየሁ በውስጤ «በል ተናገር፣ እንደ ልማድህ ተናገር፣ እንደ ሰሊጡ ተናገር» እለዋለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያልኩት ያን ጊዜ ነው፤ በልቤ። እሱ ተነሣ፣ ጋቢውን ከአለነ ላይ አላነሣም፤ አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ።

«ትዋሻለች» አለ። «ሚስቴ ናት፤ እኔን ልታተርፍ ብላ ነው።»

ያረጋል አልተጠራጠረም። ማንም አልተጠራጠረም። አዛናው ተናገረ፤ አለቀ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሳያጎድል ያጠራቀመውን እምነት ሁሉ በዚያች ቃል ላይ አዋለው። ልጆቹን ለቀቋቸው፤ እሱን አስረው ካሚዮን ላይ ጫኑት። እኔ «እኔ ነኝ» እያልኩ አስካሪ ወታደሮቹን እጎትታለሁ፤ ያረጋል ይዞኝ «ተይ እናቴ፣ ከአፋቸው ሰምተናል» ይለኛል። መኪናው ወደ ጎንደር መንገድ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ሊያናግረኝ አልቻለም።

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ጥር፣ ጣሊያን መተማን ለቆ ሸሸ። እስረኛ ተፈታ ሲባል መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ከጎንደር የሚመጣውን መኪና ሁሉ ጠበቅሁ፤ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። አየሁት የሚል ሰው አልመጣም፤ ቀበርኩት የሚልም አልመጣም። አላገባሁም። መጂዳ «ተነሺ፣ ፀሐዩ በላሽ» እያለች እጄን ይዛ ወደ ቤት የምትመልሰኝ እሷ ነበረች። ሷሊህም ጊዜውን ጠብቆ አፉን ፈታ፤ መጀመሪያ የተናገረው የየኔታውን ስም ነው። ዛሬ ገላባት ነጋዴ ነው።

አገሩ እስከ ዛሬ ያስተማራቸው እሱ እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ልጆቹ አደጉ፣ ወለዱ፤ አንዳቸውም አልተናገሩም። እኔም ዝም ብዬ ኖርኩ፤ ባሌን ውሸታም ላሰኘው ነው? ለንስሐ አባቴ ብቻ ነገርኳቸው። «ያቺ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ትጻፍ፤ የልጆቹንም የተሸከምኩት እኔ ነኝ» ብላቸው አለቀሱ።

እንግዲህ ጻፍ፣ ከጻፍክ። ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ እውነቱን ነው የሚያወራው፤ የአህያውን ምስክርነት፣ የወሰኑን፣ የሰሊጡን። እሱን እኔም አውርቼ አልጠግበውም። የሚናፍቀኝ ግን ያ አይደለም ልጄ። ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ ይዤው የምኖረው ያን ቀን ሜዳው ላይ «ትዋሻለች» ያለበትን ድምፅ ነው። እንደዚያ አድርጎ እወድሻለሁ ያለኝ የለም። በዚያ በር ገብቶ፣ በልጅነት መልኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ትዋሻለች» ቢለኝ።